ሲንተሳይዘር ከማሲንቆ ምን ይማራል?

በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቻግኒ፣ ማሲንቆና በተለምዶ «ኦርጋን» የምንለው ኪቦርድ በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሲሰሙ ዛሬ ማንም አይገረምም። የሁለቱ ልዩነት ግን ለሰሚ ጆሮ ግልጽ ነው። ማሲንቆው አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ሲይዝ ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል፤ ኦርጋኑ ያንኑ ዜማ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ድርቅ ይላል። ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ የሚጥሉ አሉ። እኔ ግን የሚጎድለው ድምፅን የማርገብገብ ዕውቀት ነው እላለሁ። የመጀመሪያ ሲንተሳይዘሩን፣ ማለትም ድምፁን ራሱ ማስተካከል የሚችልበትን ኪቦርድ፣ የገዛ ወጣትም ይህን ዕውቀት ከማሽኑ መመሪያ አስቀድሞ ከአዝማሪ መቅሰም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ ከማሲንቆው አሠራር ይነሳል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ አለው። ተጫዋቹ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ባለበት በጣቱ ይነካዋል እንጂ። ስለዚህ ጣቱ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎበዝ አዝማሪ ታዲያ ጣቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያንቀጠቅጥም። ድምፁን በቅድሚያ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ቆየት ብሎ በጥቂቱ ማርገብገብ ይጀምራል፤ ከዚያ ያሰፋዋል፤ ወደሚቀጥለው ድምፅ ሊሻገር ሲል ይተወዋል። ደጋኑም ጠበቅና ላላ ስለሚል የድምፁ ጉልበትና ጥራት አብሮ ይለዋወጣል። በዘፋኞቻችን ጉሮሮም እርግብግቢት ቦታውን መርጦ የሚመጣ ጌጥ ነው፤ የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን ዘፈኖች በጥሞና ያደመጠ ይህን ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ዜማም «ርክርክ» የራሱ ምልክት አለው። ሊቃውንቱ በነጠብጣብ የሚጽፉት በሚገባው ፊደል ራስ ላይ ነው እንጂ በየፊደሉ ላይ አይደለም። ቅዱሱን ዜማ በማሽን ይኮረጅ ማለቴ አይደለም፤ ድምፅ መቼ መርገብገብ እንዳለበት የማወቅ ጥበብ በዚህ አገር የቆየ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። በሲንተሳይዘር ውስጥ ኤልኤፍኦ የሚባል ክፍል አለ። በዝግታ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ያመነጫል፤ ራሱ አይሰማም፣ ሌላውን ግን ያንቀሳቅሳል። ሞዱሌሽን ማለትም ይኸው ነው። ሞገዱ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሲያንቀሳቅስ ቫይብራቶ ይሆናል፤ የድምፁን ጉልበት ሲያንቀሳቅስ ትሬሞሎ፤ ፊልተሩን ሲያንቀሳቅስ ድምፁ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ተማሪው ሦስት ነገር መወሰን አለበት፦ ፍጥነት፣ ስፋትና ጊዜ። የምዕራባውያን የኦፔራ ዘፋኞች ቫይብራቶ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይርገበገባል፤ ጥሩ መነሻ ነው። ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ስለሚከፈል፣ ስፋቱን ከ20 እስከ 30 ሴንት አድርጎ መጀመር ይበቃል። ፍጥነቱ ያለልክ ሲጨምር ምን እንደሚከተል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳይቷል። ቫይብራቶን እያፈጠነና እያሰፋ ሲሞክር መርገብገቡ መሰማቱን ትቶ አዲስ የድምፅ ቀለም ሆነ። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 የተሠራው በዚሁ ግኝት ላይ ነው።

ፍጥነትና ስፋት በቁጥር ይሞላሉ፤ ጊዜ ግን የተጫዋቹን ፍርድ ይጠይቃል፤ ድርቀቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ብዙ ኪቦርዶች ተዘጋጅተው በሚመጡ ድምፆቻቸው ላይ ቫይብራቶው አስቀድሞ ተሞልቷል፤ አጭሩንም ረጅሙንም ድምፅ እኩል ያንቀጠቅጣል። መድኃኒቱ ያንን ወደ ዜሮ አውርዶ ቫይብራቶውን ለሞድ ዊል፣ ማለትም በእጅ ለሚገፋው መንኮራኩር፣ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ማይክሮኮርግ ለምሳሌ እንውሰድ። መብራት ሲጠፋ በ6 ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሲንተሳይዘር ነው። በፒች ክፍሉ የቫይብራቶን መጠን ስንሞላ፣ ሁለተኛው ኤልኤፍኦ ድምፁን የሚያረገበግበው ዊሉ ሲገፋ ብቻ ይሆናል። ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል፤ ግራ እጅ የአዝማሪውን ጣት ሥራ ይሠራል፦ ይጠብቃል፣ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ይመልሳል። ከዚያው ሞገድ ጥቂት ወደ ፊልተሩና ወደ ድምፁ ጉልበት ቢላክ ወደ ደጋኑ ጠባይ ይበልጥ ይቀርባል።

«የኦርጋን ቁልፍ ቋሚ ስለሆነ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝቶች በወጉ አይጫወትም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት አለበት፤ አዝማሪው የሚያወጣቸው ድምፆች ሁሉ በፒያኖ ቁልፍ ላይ አይገኙም። ነገር ግን የአኮርዲዮንም ቁልፍ ቋሚ ነው፤ ሕይወት የሚዘራበት የወናፉ ግፊት ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን የቀረጸው የአገራችን ዜማ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አድምጦታል። ቋሚ ቁልፍ ዜማችንን እንደማይገድለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። «ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም» ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፦ ድምፁ አንዴ ተሠርቶ ከተቀመጠ መድረክ ላይ የሚቀረው ዊሉን መግፋት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ማሽኑ ማሲንቆን በደንብ ከመሰለ አዝማሪው እንጀራውን ያጣል የሚለው ስጋት ነው። ስጋቱን አልንቀውም። ሆኖም አዝማሪን የሚተካው ማንንም ሳይሰማ በተዘጋጀ ድምፅ የሚጫወት ኦርጋን ነው፤ ከአዝማሪ የተማረ ተጫዋች ግን የመምህሩን ዋጋ ስለሚያውቅ አብሮት መድረክ መቆምን ይመርጣል። ስለዚህ ሲንተሳይዘር የገዛችሁ ወጣቶች፣ አዲስ ድምፅ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ዘንድ ሂዱ። ጣቱን እዩ፤ የት እንደሚያረገበግብና የት እንደሚተው ልብ በሉ፤ የትምህርቱን ዋጋም ክፈሉት። ማሽኑን ማስተካከል ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።