የአንገት እባጭና የደም ዝውውር ምስል፦ ቀለሙ ምን ይናገራል?

በደጋማው የሀገራችን ክፍል እንቅርት እንግዳ ሕመም አይደለም። ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት ያጠበው አፈር አዮዲን ስለሚያንሰው፣ በዚያ አፈር የበቀለውን ብቻ የሚመገብ ሕዝብ አንገቱ ሲያብጥ ኖሯል። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ ከተደነገገ ከአሥር ዓመታት በላይ ቢቈጠሩም፣ ቀድሞ ያበጠው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። ከመለመዱም የተነሣ ብዙ እናቶች አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው ዓመታትን ያሳልፋሉ። ሥጋታችንም እዚህ ላይ ነው፤ ከለመድነው እብጠት መካከል ጥቂቱ ካንሰር ሊሆን ይችላልና።

የምርመራ ወረቀት የያዘ ምእመን ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ «በእባጩ ውስጥ የደም ዝውውር ታይቷል» የሚለው ሲተረጐምለት ሞት የተፈረደበት የሚመስለው አለ። ሌላው ደግሞ «ቀለም አልታየም» ሲባል እፎይ ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ሁለቱም ስለሚጐዱ፣ ይህ ምርመራ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ በዚህ ዕትም ልናብራራ ወደድን።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት በታች በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል አካል ነው። በአዮዲን የሚሠራው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና እድገትን ይቈጣጠራል። በውስጡ የሚወጣውን እባጭ ሐኪሞች «ኖድዩል» ይሉታል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ካንሰር አይደለም። የምርመራው ድካም ሁሉ አንዱን ከዘጠኙ ለመለየት ነው።

አልትራሳውንድ ጨረር የለበትም፤ ስለዚህ ለነፍሰ ጡር እንኳ አያሰጋም። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ወደ አንገት ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ ወደ ግራጫ ምስል ይለውጠዋል። ደም ደግሞ ተንቀሳቃሽ ነው። አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ ድምፁ ሲቀርብ ቀጥኖ ሲርቅ ወፍሮ እንደሚሰማን ሁላችን እናውቃለን። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1842 በፕራግ ከተማ ያቀረበው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው፤ እርሱ የጻፈው ግን ስለ ደም ሳይሆን ስለ ከዋክብት ብርሃን ነበር። መሣሪያው ከሚንቀሳቀሰው ደም የተመለሰውን ማሚቶ ለውጥ ለክቶ በግራጫው ምስል ላይ ቀለም ያኖራል። በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ መመርመሪያው የሚመጣ፣ ሰማያዊው ከመመርመሪያው የሚርቅ ደም ነው። ቀይ ማለት ክፉ፣ ሰማያዊ ማለት ደኅና ማለት አይደለም። «ፓወር ዶፕለር» የሚባለው ደግሞ አቅጣጫውን ትቶ ቀስ ብሎ የሚፈሰውን ጥቂት ደም ጭምር ያሳያል።

ካንሰር ሲያድግ ምግብ ይሻልና አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህም ደሙ በእባጩ ዙሪያ ብቻ ከታየ ደኅና ነው፣ ወደ መካከሉ ከዘለቀ ግን አስጊ ነው የሚል አስተያየት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቷል። አስተያየቱ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። አዮዲን ባነሰበት አካባቢ ድርሻው ከፍ በሚለው፣ ፎሊኩላር በተባለው የካንሰር ዓይነት፣ የመካከሉ ደም ጥርጣሬን ያጠናክራል። ሆኖም ካንሰር ባልሆኑ ብዙ እባጮች ውስጥም ደም ይታያል፤ ካንሰር ሆነው ቀለም የማያሳዩም አሉ። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው፣ «ታይራድስ» በሚባለው መመዘኛ ነጥብ የሚሰጠው ለአምስት ነገሮች ነው፤ ለእባጩ ይዘት፣ ለጥቁረቱ፣ ለቅርጹ፣ ለጠርዙና በውስጡ ለሚታዩት ብሩህ ነጠብጣቦች። የደም ዝውውር ከአምስቱ አንዱ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 በአንድ ምስክር ብቻ ፍርድ እንዳይጸና ያዝዛል፤ ቀለሙም እንዲሁ ከሌሎች ጋር የሚሰማ ምስክር ነው።

ታዲያ ለምን ይታያል? በእኛ አስተያየት ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው በሌላ ስፍራ ነው። ፈሳሽ በቋጠረ እባጭ ውስጥ ጠጣር ነገር ሲታይ፣ የረጋ ደም ይሁን ሕይወት ያለው ሥጋ ግራጫው ምስል ብቻውን ላይለየው ይችላል፤ በውስጡ ደም ሲመላለስ ከታየ የረጋ ደም አይደለም። በአንገት ጎን ንፍፊት ቢኖር፣ የደም ሥሮቹ ሥርዓት አልባ ሆነው በዳር በዳር ሲታዩ የተዛመተ ካንሰር እንዲጠረጠር ያደርጋሉ። መርፌ የሚያስገባው ሐኪምም የደም ሥሩን አይቶ ይሸሻል።

የመርማሪው እጅም ብዙ ይወስናል። መመርመሪያውን አጥብቆ ቢጫን ትንንሾቹ ሥሮች ተጨፍልቀው ቀለሙ ይጠፋል። ታካሚዋ ምራቅ ብትውጥ ወይም ብትናገር ደግሞ ደም በሌለበት ቀለም ብልጭ ይላል። «ዝም በይ፣ አትዋጪ» መባሏ ለዚህ ነው።

እባጩ በግራጫው ምስል አጠራጣሪ ከሆነና መጠኑም ከደረሰ፣ ቀጣዩ እርምጃ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ነው፤ በየሆስፒታሉ «ኤፍኤንኤ» የሚሉት ማለት ነው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው። «መርፌ የነካው ካንሰር ይሠራጫል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከዚህ በር መልሷል፤ እንዲህ ባለው ቀጭን መርፌ የሚሆነው ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በብዛት የሚገኘው ፓፒላሪ የተባለው ካንሰር በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚያድግና በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። እባጩ በፍጥነት ካደገ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ድምፅ ከጐረነነ፣ መዋጥ ካስቸገረ ወይም በአንገት ጎን ንፍፊት ከወጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ይገባል።

ካህናት አባቶቻችን ሲጠየቁ ሁለት ነገር ቢያክሉ መልካም ነው። ለአንገት አልትራሳውንድ ምግብ መብላትም ሆነ መድኃኒት መዋጥ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ጾመኛ ጾሙን ሳይፈታ፣ ጸበል የሚጠመቅም ጸበሉን ሳያቋርጥ ሊመረመር ይችላል። ማዕተብም አይበጠስም፤ መርማሪው ጄሉን ሲቀባ ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ወይም ወደ አገጭ ከፍ አድርጎ መያዝ ይበቃል።