የማቀዝቀዣዎ ቍጥር ዲግሪ አይደለም

በመቐለ ከተማ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠሩ እናት ነዎት እንበል። ጠዋት ለሕፃኑ የሚሆነውን ወተት አፍልተውና አብርደው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው ከቤት ወጡ። ማታ ተመልሰው ሊያሞቁት ቢጥዱት ተበጣጠሰ። ወተት ሻጯን ጠረጠሩ፤ ቤት የዋለውንም ሰው ጠየቁ። ማቀዝቀዣው ግን መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩም እያጕረመረመ ስለ ነበረ እርሱን የጠረጠረው የለም። ከውስጥ በኩል ያለችውን ትንሽ መቈጣጠሪያ ተመልክተው ቢሆን ኖሮ ጠቋሚዋ «1» ላይ መቆሟን ባዩ ነበር።

ይህች «1» ለብዙዎቻችን አንድ ዲግሪ ማለት ትመስለናለች። አይደለችም። በመቈጣጠሪያው ላይ ከ«1» እስከ «5» ወይም እስከ «7» የተጻፉት ቍጥሮች የብርታት ደረጃን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅዝቃዜው ይበረታል። ስለዚህም «ይበልጥ ይቀዝቅዝልኝ» ብሎ ወደ «1» የሚመልሰው ሰው ያሰበውን ተቃራኒ ፈጽሟል ማለት ነው።

የመቈጣጠሪያው አሠራር እጅግም የረቀቀ አይደለም። ቴርሞስታት በሚባለው በዚህ መሣሪያ ውስጥ ጋዝ የታሸገበት ቀጭን ቧንቧ አለ። የማቀዝቀዣው ውስጥ ሲሞቅ ጋዙ እየሰፋ ማብሪያውን ይገፋውና ሞተሩ ይነሣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጋዙ ይሰበሰብና ሞተሩ ያርፋል። በሰመራ ሐሩር ቢሮ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያም ሆነ በቀይ ባሕር በሚያልፍ መርከብ ላይ የመርከበኞቹን ክፍል የሚያቀዘቅዘው፣ ሙቀት እየለካ ሞተር በሚያስነሣና በሚያሳርፍ መቈጣጠሪያ የሚታዘዝ ነው።

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ እንደ መሆኗ፣ ለመኖሪያ ክፍላችን እንዲህ ያለ መሣሪያ አያሻንም። ሆኖም «አገሩ ደጋ ነው» ብለን ስለ ምግባችን መዘናጋት አይገባንም። ለእኛ የሚስማማን አየር ምግብን ለሚያበላሹ ጀርሞችም የተመቸ ነውና። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው ከዓፋር ቆላ በግመል ተጭኖ በሚመጣው ጨው ሥጋውን አሽተው ቋንጣ ሲሰቅሉ የኖሩት።

እንግዲህ መቈጣጠሪያውን እንዴት እናስተካክል? የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይሙሉና ቴርሞሜትሩን ከውስጡ ነክረው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት በሩን እንደ ከፈቱ ያንብቡት። ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካሳየ ቍጥሩን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ከዚያም አንድ ሙሉ ቀን ታግሠው እንደ ገና ይለኩ። በየሰዓቱ መቈጣጠሪያውን ማዟዟር ትርፉ ድካም ነው። በረዶ ቤቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል። መቈጣጠሪያው ቍልፍ የሚነካና ዲግሪ የሚያሳይ አዲስ ዓይነት ከሆነ 4 እና -18 ብለው ያዙት፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥርም ትእዛዝዎ እንዳልተለወጠ ይመልከቱ።

ይሁን እንጂ ማቀዝቀዣው የተቀመጠበት ቦታ የማይስማማ ከሆነ የመቈጣጠሪያው መስተካከል ብቻውን አይበቃም። ከኤሌክትሪክ ምጣዱና ከምድጃው ያርቁት፤ ፀሐይም አይምታው። ከኋላው ያለው ሙቀት መውጫ እንዲያገኝ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ይበል። የመሬት ሽቦ ያለው የራሱ ሶኬት ይኑረው፤ ሶኬቱ ከሌለ ባለሙያ ያስተክሉ እንጂ ከምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አያጋሩት። ትልቅ ድስት ሙሉ ትኩስ ወጥ እንዳለ አያስገቡ፤ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው ቶሎ ያብርዱና ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ያስገቡት።

በከተማችን ለማቀዝቀዣ ሞተር ዋነኛው ጠላት የመብራት መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ሞተሩ ጋዙን እየጨመቀ ሳለ ድንገት ቢቆም፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። መብራቱ በሴኮንዶች ውስጥ ተመልሶ ሞተሩን እንዲነሣ ቢያስገድደው ይጨነቃል፤ ሲደጋገምም ይቃጠላል። ለዚህ መድኀኒቱ ማዘግያ ያለው ስታብላይዘር ነው። በሚገዙበት ጊዜ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ዐቅሙ ከማቀዝቀዣው በብዙ የሚበልጥ ይምረጡ። ማዘግያውንም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ላይ ያድርጉት። ስታብላይዘር የሌለዎት እንደ ሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ አንድ አምፑል ሳያጠፉ ይተዉና ከበራ ከ5 ደቂቃ በኋላ መልሰው ይሰኩ። መብራት በጠፋበት ጊዜ በሩን አይክፈቱ። ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ በረዶ ቤትም እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

በቤትዎ የስኳር በሽተኛ ካለ ነገሩ ከወተትና ከወጥ ያለፈ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ከኋላው ግድግዳ ጋር አያስጠጉት፤ ከበረዶ ቤቱም አያስገቡት። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራምና ይጣላል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ትግራይ ለረጅም ጊዜ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ተቈርጣ፣ መቐለም ዳግመኛ የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። ያን ጊዜ በየቤቱ ማቀዝቀዣው እንደ ቁም ሣጥን ቆሞ መክረሙን፣ ኢንሱሊኑም ከአይደር ሆስፒታል ሳይቀር መታጣቱን የከተማው ሰው አይረሳውም።

ስለዚህ ለክፉ ቀን አንድ ዘዴ ይወቁ። ሁለት ያልተለሰነ የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስቀምጠው በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉና ውሃ እያጠጡ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያቆዩት። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ እንደ መቐለ ባለ ደረቅ አየር ውስጥ የማሰሮው ሆድ ይቀዘቅዛል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ያገኘው ይህንኑ ዘዴ ለአገሩ ገበሬዎች በማዳረሱ ነው። ማሰሮው እንደ ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አያደርስም፤ ኢንሱሊኑን ግን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው ቢያኖሩት ከቀትር ሙቀት ይጠብቀዋል። ሙቀት አግኝቶታል ብለው ከተጠራጠሩ የጤና ባለሙያ ይጠይቁ እንጂ፣ ሳይጠይቁ መርፌውን አያቋርጡ።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ የእርስዎ ብቻ ሸክም መሆን የለበትም። «ቴርሞሜትሩ 4 ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱ ይነቀል፤ ሲመጣ 5 ደቂቃ ይጠበቅ» ብለው በወረቀት ይጻፉና በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት። አባትም ልጆችም ያንብቡት። እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ መብራት ሲጠፋ፣ ቤት ያለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የሕፃኑም ወተት እስከ ማታ ይቆይዎታል።