የቤት ክዳን የሚለወጥበት ጊዜ

ቤት የሚቆመው በግድግዳው ነው፤ ዕድሜው ግን በክዳኑ ነው። ክዳኑ ደኅና የሆነ የጭቃ ቤት ብዙ ዘመን ይኖራል። ክዳኑ የከዳው ቤት ግን ግድግዳው ምንም ቢወፍር ይፈርሳል፤ የደረቀ ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ይላላልና።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አብዛኞቹ ቤቶቿ የሣር ክዳን ነበሩ። በኋላ ከባሕር ማዶ ቆርቆሮ መጣ፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከከተማው ከደረሰ ወዲህም እየበዛ ሄደ። ዛሬ በልደታ ሰፈር ብዙ ፎቅ ቢሠራም፥ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች በከተማው ውስጥ ገና አሉ።

ክዳን በአንድ ቀን አያረጅም፤ ማርጀቱንም በምልክት ያስታውቃል። የሣር ክዳን ሲያረጅ ሣሩ ይጠቍራል፥ በእጅ ሲጨብጡት ይደቃል፥ ቦታ ቦታውም ይጐደጕዳል። ቆርቆሮ ግን ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ዚንክ የሚባል ማዕድን ነው። ዚንኩ በዘመን ብዛት ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በምስማሩ ቀዳዳና ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በተደራረበበት ስፍራ ነው።

ክዳኑን ሊመረምር የሚወድ ሰው በደጅ ቆሞ ብቻ አይፈርድም። በቀን ወደ ቤት ይገባል፥ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፥ ቀና ብሎም ያያል። ብርሃን እንደ ኮከብ ብልጭ ባለበት ስፍራ ውሃም ይገባል። ቀጥሎም የጣራውን እንጨት በቢላዋ ጫፍ ይወጋል። ቢላዋው አልገባ ካለ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ ያለ ችግር ከገባ ግን በስብሷል፥ ወይም ምስጥ በልቶታል።

ፍርዱም እንዲህ ነው። ቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን፥ እንጨቱም ጤነኛ ቢሆን፥ ክዳኑ ይጠገናል እንጂ አይለወጥም፤ ያለ ምክንያት መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ነገር ግን አንዱ ሲደፈን ሌላው የሚያፈስ፥ እንጨቱም የበሰበሰ ከሆነ፥ መጠገኑ ከንቱ ድካም ነው፤ መለወጥ ይገባዋል።

ለዚህም ሥራ ጊዜ አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት የልደታ ማርያም በዓል በግንቦት 1 ቀን ይከበራል። ከዚያ እስከ ሰኔ መግቢያ አንድ ወር ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴም ዝናቡ ይበረታል። ስለዚህ ብልህ ሰው በግንቦት ክዳኑን ይመረምራል።

ለምሳሌ ያህል፥ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። የሁለቱም ቆርቆሮ በአንድ ዘመን የተመታ ነበረ። አንዱ፥ ሰው እንዳይንቀው ብሎ፥ የዛገውን ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ቀባው፤ ላየውም ሁሉ አዲስ መሰለ። ሁለተኛይቱ ድኻ ባልቴት ነበረች። ለበዓል ልብስ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ ክዳኗን አስለወጠች፤ በበዓሉም ቀን አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ዋለች። በነሐሴ አንድ ሌሊት የሰውዬው ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ተናደ። ልጆቹንም ታቅፎ በዝናብ ወጣና የባልቴቲቱን በር መታ። እርስዋም ከፈተችለት፥ እሳትም አነደደችላቸው፤ ስለ ቀለሙ ግን አንዳች አልተናገረችም።

ቀለም የሰውን ዓይን ያታልላል፤ ዝናብን ግን አያታልልም። ሰውም እንዲሁ ጉድለቱን በመሸፈን አይድንም፤ መርምሮ በጊዜው ቢያቀናው ግን ራሱንም ቤተ ሰቡንም ያድናል።