ትልቅ ቴሌስኮፕ በደባርቅ ግቢ እንዴት ይቆማል?

ቴሌስኮፕ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ከሣጥኑ ወጥቶ ሰማይን በደንብ ከማሳየቱ በፊት ብዙ ዝግጅት እንደሚያስፈልገው የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ የመስታወቱ ወርድ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አምጥቶልን፣ ደባርቅ ባለው ግቢያችን አቁመን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስንመለከትበት ከርመናል። ስለዚህ ከሥራውና ከንባብ ያገኘሁትን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ብዙ ሰው የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ማጉላት ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ብርሃን መሰብሰብ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ሲከፈት ወርዱ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ግን ከዓይናችን 800 ጊዜ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ጋሊሌዮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1609 ዓ.ም. ሰማይን መመልከት የጀመረው በሌንስ ነበር። በ1668 ዓ.ም. ደግሞ ኒውተን በሌንስ ፈንታ መስታወት ያለበት ቴሌስኮፕ ሠራ። የእኛም የኒውተን ዓይነት ነው። ብርሃኑ በቱቦው ገብቶ ከግርጌው ጎድጓዳ መስታወት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ተመልሶ በአፉ አጠገብ ያለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ወደ ጎን ታዞረዋለች፤ በዚያም የዓይን ሌንስ ይጠብቀዋል።

በአገራችን ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የእንጦጦው ነው። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከአዲስ አበባ በላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ስፍራ፣ የመስታወታቸው ወርድ 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አቆመ፤ የኮከብ መመልከቻውም በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከሰው ዓይን 20,000 ጊዜ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል።

ቴሌስኮፕ በተራራ ላይ የሚቆምበት ምክንያት ወደ ከዋክብት ለመቅረብ አይደለም፤ ከአየሩ ለመሸሽ ነው እንጂ። አየር ብርሃንን ያደበዝዛል፤ ያርገበግባልም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ከአየሩ 10 እጅ 3 ያህሉ ከበታቻችን ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ጥቅም ገንዘብ አይገዛውም፤ ተፈጥሮ የሰጠን ነው።

እንግዲህ ወደ አቋቋሙ እንመለስ። በመጀመሪያ ቦታ ይመረጣል። የሲሚንቶ ወለል ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚተፋ፣ የጠነከረ አፈር ወይም ሣር ይሻላል። ነፋስ ቱቦውን እንዳያወዛውዘው ግንብ ወይም አጥር ቢከልለው መልካም ነው። የማድ ቤት ጢስ ሰማዩን ስለሚጋርድም፣ እራት የሚበስልበት ሰዓት ካለፈ በኋላ መመልከት ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ መስታወቱ መቀዝቀዝ አለበት። ከሞቀ ቤት የወጣ መስታወት ሙቀቱን እስኪጨርስ ድረስ፣ በምድጃ ላይ አየር እንደሚርገበገብ ሁሉ በቱቦው ውስጥ ያለውም አየር ይርገበገባል፤ ኮከቡም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከመመልከቻው ሰዓት ቢያንስ 1 ሰዓት አስቀድሞ ማውጣት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሁለቱ መስታወቶች ተስተካክለው መቀመጣቸው ይመረመራል። የእኛው ከጎንደር በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ የመጣ ስለ ሆነ፣ መስታወቱ ከቦታው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ነበር። ከትልቁ መስታወት ጀርባ ያሉትን ሦስት ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ማቃናት ይቻላል። ሥራው መልካም መሆኑ የሚታወቀው አንድ ደማቅ ኮከብ ሆን ተብሎ ሲደበዝዝ ነው፤ ጠጠር እንደ ተጣለበት ኩሬ መሐላቸው አንድ የሆኑ ክቦች ከታዩ መስታወቶቹ ተስተካክለዋል።

አራተኛ፣ በቱቦው ጎን ያለችው ትንሿ መፈለጊያ መነጽር ከትልቁ ጋር አንድ ቦታ እንድታይ ትደረጋለች። ይህ በቀን፣ በሩቅ ኮረብታ ላይ ባለ ባሕር ዛፍ ቢሠራ ይቀላል። ዛፉ ተገልብጦ ቢታይ አያስደንግጥ፤ የመሣሪያው ጠባይ ነው።

ነገር ግን በቀን ሲሠራ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ ማዞር ፈጽሞ ክልክል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ ሰዎች በልዩ መነጽር ተመልክተዋታል። ያለ ተገቢው መከላከያ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያየ ሰው ግን በቅጽበት ዓይኑን ያጣል።

ስለ መቆሚያውም ጥቂት ልናገር። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ 120 ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ የታየ ኮከብ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከዓይን ይሰወራል። ይህን ለመከተል አንዳንዱ መቆሚያ ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ አጋድሎ ይዞራል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው አገሩ ከምድር ወገብ በሚርቅበት ዲግሪ ልክ ነው፤ በለንደን 51 ዲግሪ ሲሆን በደባርቅ 13 ብቻ ነው። ክንድን ዘርግተው ቡጢ ቢጨብጡ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናልና፣ ኮከቡ በሊማሊሞ በኩል ከአድማስ አንድ ቡጢ ከፍ ብሎ ጥቂት ይተርፈዋል። ብዙዎቹ መቆሚያዎች ለሰሜን አገሮች የተሠሩ ስለ ሆኑ ይህን ያህል ዝቅ ማለት ይቸግራቸዋል፤ ሚዛን መጠበቂያው ክብደትም ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ጆን ዶብሰን የተባለው አሜሪካዊ ያስፋፋው፣ ከጣውላ የሚሠራውና በእጅ የሚገፋው መቆሚያ ለእኛ ይስማማል። የእኛውም እንዲሁ ነው።

ይኸው ዝቅታ ግን ትልቅ በረከት አለው። በግንቦት ምሽት ወደ ሰሜን ዞረን የሰሜንን ኮከብ፣ ወደ ዳባት አቅጣጫ ዞረን ደግሞ የደቡብ መስቀል የተባሉትን ከዋክብት ከአንድ ግቢ እናያለን። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም፤ ኬፕ ታውን ያለውም የሰሜንን ኮከብ አያይም።

ሲመለከቱ በትንሹ ከሚያጎላው ሌንስ መጀመር፣ ዓይንንም ለ20 ደቂቃ ያህል ከጨለማ ጋር ማለማመድ ያስፈልጋል። የእጅ ባትሪ ካስፈለገ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን። ከዚያ በኋላ የጁፒተር አራቱ ጨረቃዎችና የሳተርን ቀለበት በየወቅታቸው ይታያሉ፤ ሰባት ከዋክብት የሚባሉትም ከሰባት እጅግ እንደሚበዙ በዓይን ይረጋገጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስብ። አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ መብራቷ የእንጦጦን ሰማይ እያደበዘዘው መጣ፤ ባለሙያዎችም ለወደፊቱ ትልቅ ቴሌስኮፕ በላሊበላ አካባቢ ያሉትን ተራሮች ማጥናት ጀመሩ። መስታወት ቢሰበር በሌላ ይተካል፤ የጠፋ ጨለማ ግን በቀላሉ አይመለስም። ከተማችንም እያደገች ነው፤ ማደጓም ደስ ያሰኛል። መብራት አይኑር አልልም፤ ለሚያጠናም በሌሊት ለሚሄድም ያስፈልጋልና። ነገር ግን እያንዳንዱ አምፖል ከላይ ክዳን ቢደረግለት ብርሃኑ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ ሰማይ አይባክንም፤ መንገዱም ይበልጥ ይደምቃል። አባቶቻችን ባሕረ ሐሳብን ያደራጁት የጨረቃንና የፀሐይን አካሄድ ቆጥረው ነው። እኛም ይህን ሰማይ ሳይደበዝዝ ተረክበናልና፣ የሳይንስ ክበብ አቋቁመን እንድንመለከተው፣ ለታናናሾቻችንም እንዳለ እንድናስረክበው ጓደኞቼን ሁሉ አደራ እላለሁ።