አልማዝ በማግኔት ሲፈለግ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንደርደሪያዎቹ ጫፎች ላይ 07 እና 25 የሚሉ ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈዋል። የተራ ቁጥር አይደሉም። አብራሪው በኮምፓሱ የሚያነበው አቅጣጫ፣ 70 እና 250 ዲግሪ ገደማ፣ መጨረሻው ዜሮ ተትቶ የተጻፈ ነው። ያንኑ ኮምፓስ የሚያዞረው የምድር ማግኔታዊ ኃይል በሌላ ሙያ ደግሞ አልማዝ ይፈለግበታል።

አልማዝን ማግኔት አይስበውም። ባለሙያዎቹ የሚፈልጉት ተሸካሚውን፣ ኪምበርላይት የሚባለውን ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት በእሳተ ገሞራ ኃይል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ እንዳለ እንደ ካሮት መሬት ውስጥ ተተክሎ ይቀራል። ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ስላለበት ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ድንጋይ ይለያል። በሰሜን ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1991 አልማዝ ከተገኘ በኋላ፣ በሐይቅ ውሃ የተሸፈኑ ኪምበርላይቶችን ለማግኘት ማግኔቶሜትር የተባለ የማግኔት ኃይል መለኪያ የጫኑ አውሮፕላኖች ብዙ ረድተዋል።

በእግር ሲሠራም ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያውን የሚሸከመው ሰው መጀመሪያ ኪሱን ያራግፋል፤ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ባለብረት ቀበቶ ሁሉ ይቀመጣል። ከዚያ በተሰመረለት መስመር እየሄደ በየጥቂት እርምጃው ይለካል። ሁለተኛ መሣሪያ ደግሞ አንድ ቦታ ተተክሎ ቀኑን ሙሉ ይመዘግባል፤ ምክንያቱም የምድር ማግኔት ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል።

ይህ ሁለተኛው መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። የምድር ማግኔታዊ ወገብ በዚሁ አካባቢ ስለሚያልፍ፣ እኩለ ቀን ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከላያችን ይፈስሳል። በዚህ የተነሳ የሚለካው ኃይል እስከ 100 ናኖቴስላ ሊቀየር ይችላል። አንዳንድ ኪምበርላይት የሚሰጠው ምልክት ግን ከዚህም ያንሳል! ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን የመሠረቱት የአራት ኪሎው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ይህንን የምድር ማግኔት ከእ.ኤ.አ. 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጀምሮ መዝግቧል። በዚህ ማግኔታዊ ወገብ ላይ እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው፤ መዝገቡ ከከተማዋ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ሊታወቅ ይገባዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። በሰሜን አገሮች የማግኔት ኃይሉ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል፣ ማግኔትነት ያለው ድንጋይ በካርታው ላይ በአብዛኛው እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ኃይሉ አግድም የተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ድንጋይ እዚህ ቢቀበር ከበላዩ ያለውን ኃይል ይቀንሳል፤ ካርታው ላይም እንደ ጉድጓድ ይወጣል። በሰሜን ልማድ ኮረብታውን ብቻ የሚፈልግ ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።

ታዲያ ቦሌ ላይ ቢሞከርስ? ቦሌም፣ ሲኤምሲም፣ አያትም የተዘረጉት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ድንጋይ ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ግንበኛው ለመሠረት የሚያወርደው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ራሱ ማግኔታይት አለበት። በዚያ ላይ የሕንፃው ብረትና የመብራቱ መስመር ሲጨመር መሣሪያው የሚያነበው ከተማውን ነው።

ዋናው መሰናክል ግን ዕድሜ ነው። የሚያዋጣ አልማዝ ያላቸው ኪምበርላይቶች በአብዛኛው ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው፣ ተረጋግተው በቆዩ የምድር ቅርፊቶች ላይ ነው የሚገኙት። እ.ኤ.አ. በ1940 ጆን ዊሊያምሰን ያገኘው የታንዛኒያው የሙዋዱይ ኪምበርላይት እንዲህ ባለ ምድር ላይ ነው። የኢትዮጵያ መሠረት ድንጋይ ግን አብዛኛው ከ1 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የተሠራ ነው።

የኢትዮጵያ የከበሩ ድንጋዮች ሌላ ታሪክ አላቸው። ዛሬ ታዋቂ የሆነው የወሎው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አጠገብ ሲገኝ፣ ያወጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ገደሉን ወርደው፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ያለውን ስስ ንብርብር በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ።