ጨው ይሰበራል፣ መዳብ ይሳሳል

በአፋር፣ በአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ፣ ሠራተኞች የጨዉን ወለል በመጥረቢያ ይሰነጥቁታል፤ በእንጨት ፈንቅለው ያነሡትና ጠርበው በግመል ይጭኑታል። አሞሌ እየተባለ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ ገበያ ገንዘብ ሆኖ የኖረው እንዲህ ያለው ጨው ነው። ጨው ይጠረባል፣ ይሰበራል፤ አይታጠፍም። መዳብ ግን ሲቀጠቀጥ ይሳሳል እንጂ አይፈረካከስም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአቶሞቹ የውጨኛ እርከን ኤሌክትሮኖች ነው።

ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አንዱ ብቻ ውጨኛው እርከን ላይ ነው። ክሎሪን ካሉት 17 ሰባቱ ውጨኛው እርከን ላይ ናቸው፤ ለመሙላት አንድ ይቀረዋል። የሶዲየሙ ኤሌክትሮን ወደ ክሎሪን ሲያልፍ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ አዮን ይሆናሉ። አዮኒክ ቦንድ የሚባለው የእነዚህ መሳሳብ ነው። «ሶዲየም መስጠት ይፈልጋል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ግን ተማሪን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ኤሌክትሮኑን ከሶዲየም ለመንቀል በሞል 496 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ክሎሪን ሲቀበለው የሚለቀቀው 349 ብቻ ነው። ኪሳራውን የሚሸፍነው አዮኖቹ ተሳስበው በረድፍ ሲደረደሩ የሚወጣው 787 ኪሎጁል ነው። በዚህ ድርድር እያንዳንዱ አዮን በስድስት ተቃራኒዎች ይከበባል፤ ጨው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የማይቀልጠውም ስለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ለምን በቀላሉ ይሰበራል? ምት ሲያርፍበት አንዱ ረድፍ አንድ እርምጃ ይንሸራተታል። ያኔ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ይገፋፉና ክሪስታሉ ይሰነጠቃል።

በመዳብ ውስጥ የውጨኞቹ ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ንብረት አይደሉም፤ በአዮኖቹ መካከል እንደልብ ይዘዋወራሉ። ረድፉ ቢንሸራተትም ኤሌክትሮኖቹ ያው በመካከል ሆነው ያያይዙታል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም ይኸው ነጻነታቸው ነው።

ከጨውና ከመዳብ ቦንድ ሌላ ሦስተኛውን ዓይነት፣ ኮቫለንት ቦንድን፣ በጥንድ ኤሌክትሮን መጋራት ያስረዳው አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ነው፤ ዘመኑ 1916 እ.ኤ.አ.። በውኃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅን ከሁለት ሃይድሮጅኖች ጋር ኤሌክትሮን ይጋራል፤ ግን እኩል አይደለም፣ ኦክስጅን ወደ ራሱ ይስባል። በዚህም ኦክስጅኑ በመጠኑ ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በመጠኑ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ውኃ የጨውን አዮኖች ከቦ እየነጠለ የሚያሟሟው በዚህ ጠባዩ ነው። ውኃው ራሱ ሲፈላ የሚለያዩት ሞለኪውሎቹ ናቸው፤ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እንደተያያዙ በእንፋሎቱ ውስጥ ይወጣሉ። እነሱን ለማለያየት በውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደማሳለፍ ያለ ብርቱ ኃይል ያስፈልጋል።