የወደብ ሀብት ምንጩ ምንድን ነው?
የጅቡቲ ከተማ ዕድገት ሲመረመር

ስለ ወደብ በሚደረገው ውይይት ውስጥ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ሥር ሰዶ ይገኛል። ይኸውም የወደብ ከተማ ሀብት ከባሕሩ ራሱ ይመነጫል፤ ውሃው ጥልቅ፣ ሰላጤው ከነፋስ የተከለለ፣ መርከቦች የሚመላለሱበት መሥመር ቅርብ ከሆነ ብልጽግናው በራሱ ጊዜ ይመጣል የሚለው ነው። ይህ አስተሳሰብ ለተፈጥሮ ሁሉን ቻይነት ሰጥቶ የሰውን ጉልበት ከስሌቱ ያወጣል። እኛ ግን ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ይገባል እንላለን። ለምርመራውም ከጅቡቲ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢያችን አይገኝም። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በዚህች ከተማ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ስለ እርሷ የምንናገረው ሁሉ ስለ ገዛ ኑሯችን የምንናገረው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተፈጥሮ ለጅቡቲ ያደለቻትን አንክድም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄደው መርከብ በባብ ኤል መንደብ በኩል ያልፋል፤ የባሕሩ ወሽመጥ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጅቡቲም በዚሁ በር አጠገብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ተቀምጣለች። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከጅቡቲ በፊት ያገኘች ሌላ ሥፍራ ነበረች። ፈረንሳይ በ1862 የያዘችው ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን ያለችውን ኦቦክን ነበር። ለመርከቦቿ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ያደረገችውም እርሷን ነበር። ኦቦክ ከባሕሩ በር ይበልጥ የቀረበች ናት። ታዲያ በ1888 የተቆረቆረችው ጅቡቲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በልጣት የቅኝ ግዛቱ መዲና ልትሆን የቻለችው ለምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው በባሕሩ በኩል ሳይሆን በየብሱ በኩል ነው። ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚወስደው የሲራራ መንገድ ለደቡቡ ዳርቻ የተመቸ ነበር። ቡናውም፣ ቆዳውም፣ የዝሆን ጥርሱም የሚወርደው በዚያ ነው። ኦቦክ ባሕር አላጣችም፤ ያጣችው ከኋላዋ የሚያርስ፣ የሚያረባና የሚነግድ ሕዝብ ነው። ወደብን ወደብ የሚያደርገው የኋላ ምድሩ ነው የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ቅኝ ገዥዎቹም ይህን በሚገባ ተረድተውታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው በ1902 ከሜዳው ላይ ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ዕጦት ወድቆ በ1908 በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ ሌላ ኩባንያ ተተካ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን መሥመር በበረሃው ሐሩር ድንጋይ እየፈለጠ፣ አፈር እየቆፈረ የዘረጋው ሠራተኛ ስሙ በየትኛውም ጣቢያ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም። በአዲስ አበባ የምናውቀው «ለገሃር» የሚለው ስም እንኳ የመጣው ባቡር ጣቢያን ከሚጠራበት የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረውም በ1959 በተደረገው ስምምነት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሐዲዱ በእኛ ምድር ሲያልፍ መዝገቡ የሚያዘው በሌላ አገር ነበር ማለት ነው።

ሐዲዱ ከተማይቱን አሳደጋት፤ ነገር ግን እንደ ቅኝ ግዛት ከተማ አሳደጋት። አውሮፓውያኑ ነፋሻ በሆኑት ከፍታዎች ላይ ሠፈሩ። የወደቡ ጫኝና አውራጅ ግን ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር በሚጠሩ ሠፈሮች ተጨናንቆ ኖረ። በ1949 ከተማይቱ ነጻ ወደብ ተባለች፤ በዚያው ዓመት የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን ታሰረ። ለነጋዴው ሁለቱም ታላቅ ዕድል ነበሩ። ነጻነቱ ግን የሸቀጥ እንጂ የሰው አልነበረም። በ1966 ሕዝቡ ደጎልን በነጻነት ጥያቄ ከተቀበለ በኋላ ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ሰው እንዳይገባ ከተማይቱ በሽቦ አጥር ተከለለች። ሸቀጥ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ወደብ ለሠራተኛው በፈንጂና በሽቦ የታጠረ ሆነ። ከአጥሩ ውጭ የቀሩት ድሆች በቆርቆሮና በጣውላ የሠሩት ሠፈር ባልባላ ዛሬ ከከተማይቱ ነዋሪዎች እጅግ ብዙውን ክፍል ይዟል።

ባሕር ብቻውን ወደብን እንደማያበለጽግ ማረጋገጥ ለሚፈልግ የሚከተሉትን ዓመታት መመልከት ይበቃል። ከ1967 እስከ 1975 የስዊዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ሲዘጋ የጅቡቲ የነዳጅና የመርከብ አገልግሎት ተዳከመ። ከተማይቱ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1977 ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት ሳቢያ የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ተቋረጠ። በሁለቱም ጊዜ ውሃው እዚያው ነበር፤ ጥልቀቱም አልቀነሰም። የጎደለው በአንድ በኩል የዓለም ንግድ፣ በሌላ በኩል የኋላ ምድሩ ጭነት ነበር።

ተቃራኒውም ማስረጃ በእጃችን አለ። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው በአሰብ ይተላለፍ የነበረው የኢትዮጵያ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአሰብ የመርከብ መቆሚያዎችና ክሬኖች ጠፍተው አይደለም፤ ሰላጤውም አልደረቀም። ጭነቱ ሲሄድ ግን ከተማው ጸጥ አለ። አንዱን ወደብ ያቀዘቀዘው ሌላውን ያሞቀው የኢትዮጵያ ገበሬ፣ ሠራተኛና ነጋዴ ምርትና ፍላጎት ነው። ይህን ያህል ኃይል ያለው ሕዝብ ግን ለራሱ ኃይል የሚከፍለው ራሱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የጅቡቲ ዕድገት ፈጣን ነው፤ ይህንንም በሐቅ መመስከር ይገባል። በዶራሌ በ2009 የተመረቀው የኮንቴይነር ወደብ 18 ሜትር ጥልቀትና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የመርከብ መቆሚያ ያለው በመሆኑ ታላላቅ መርከቦችን ለመቀበል ይችላል። ነዳጁ በተለየ ወደብ ይራገፋል። በ2017 ስንዴ፣ ማዳበሪያና ተሽከርካሪ የሚያራግፈው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተከፈተ፤ ታጁራም የራሷን ወደብ በዚያው ዓመት አገኘች። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የአሳል ሐይቅ የሚወጣው ጨው በጉቤት የሚጫንበት ወደብ ተሠራለት። የቁም ከብቱ በዳመርጆግ በኩል ወደ ዓረብ አገሮች ይሻገራል። በባሕር ሥር የተዘረጉ በርካታ የመገናኛ ገመዶችም በዚህች ከተማ ዳርቻ ወደ የብስ ይወጣሉ። ለእርሻ የሚሆን መሬቷ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ አገር ይህን ሁሉ ማቋቋሟ የሚናቅ አይደለም።

ሆኖም የምርት መሣሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ስለ ዕድገት የሚነገረው ንግግር ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። የወደቡ አስተዳደር በ2000 ለዱባይ ኩባንያ በኮንትራት ተሰጠ። የዶራሌው የኮንቴይነር ወደብም በ2006 በተፈረመው ውል ለዚሁ ኩባንያ፣ ዛሬ ዲፒ ወርልድ ለሚባለው፣ ተላለፈ። የጅቡቲ መንግሥት ከአክሲዮኑ ሁለት ሦስተኛውን ይዞ ሳለ ሥራውን የሚያዝዘው ባለ አንድ ሦስተኛው ነበር። መንግሥት በየካቲት 2018 ውሉን ሰርዞ ወደቡን ሲረከብ የሉዓላዊነት ጥያቄ ነው አለ። የለንደኑ ዓለም አቀፍ የግልግል ፍርድ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ውሉ የጸና ነው ሲል ወሰነ። በዓለም አቀፍ ካፒታልና በአንዲት ትንሽ አገር መካከል የሚፈረም ውል የሚተረጎመው በማን ቋንቋና በማን ከተማ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አይኖርም። ይህ ማለት ግን አንዱ ባለገንዘብ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ነጻነት ተገኘ ማለት አይደለም። የቻይናው ኩባንያ ቻይና መርቻንትስ ከወደቡ አክሲዮን 23.5 በመቶውን ከ2013 ጀምሮ ይዟል፤ ቻይና በውጭ አገር የመጀመሪያዋ የሆነውን የጦር ሠፈርም በ2017 የከፈተችው እዚያው ነው።

ስለ ጦር ሠፈሮቹ ጥቂት እንበል። ፈረንሳይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አለች። አሜሪካ ከ2001 ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒየርን ይዛ በ2014 በታደሰው ስምምነት በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ትከፍላለች። ጃፓንና ኢጣሊያም የየራሳቸው ሠፈር አላቸው። ይህ ገቢ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ምቹ ነው፤ ነገር ግን የኪራይ ገቢ ነው። ኪራይ ደግሞ ፋብሪካ አይተክልም፤ ወጣቱንም ሙያ አያስተምርም። በአንድ ከተማ ጎን ለጎን የሠፈሩት ኃይሎች የሚጋጩበት ቀን ቢመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ባለቤቱ ሕዝብ ተጠይቆ አያውቅም። ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁና ብዙ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ሲጓዙ የጦር መርከቦቹ መብዛት የንግዱን መንገድ አስተማማኝ ለማድረግ አለመብቃቱ ታይቷል።

የወደቡን ጉልበት የሚሸከመው ማነው? ኮንቴይነርና ክሬን ከመምጣታቸው በፊት አንድን መርከብ ለማራገፍ እጅግ ብዙ ሰው ቀናት ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ያንኑ ጭነት ጥቂት ሠልጣኞች በሰዓታት ያነሡታል። መሣሪያውን አንቃወምም፤ የማምረቻ ኃይሎች ዕድገት የታሪክ ሕግ ነው። የምንቃወመው የወደቡ ዕድገት እየጨመረ ሳለ ከአገሪቱ ሕዝብ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሚኖርባት ከተማ ሥራ አጥነት እጅግ ከፍተኛ ሆኖ መቅረቱን ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ የኢትዮጵያ ሾፌርና ረዳቱ አሉ። ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሎጊያና በሚሌ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በዓለም ላይ እጅግ ሞቃት ከሆኑት አንዱ ነው። በድንበሩ የሚጠብቁት ሰዓት፣ ጎማ የሚያፈነዳው ሙቀት፣ ከመኪናቸው ሥር የሚያሳልፉት ሌሊት በየትኛውም የታሪፍ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገቡም። ነጋዴው ዲመሬጅ የሚለው የመዘግየት ክፍያ ግን ይገባል፤ በመጨረሻም በማዳበሪያው ጆንያና በዘይቱ ጀሪካን ዋጋ ላይ ተደምሮ ከገበሬውና ከደመወዝተኛው ኪስ ይወጣል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ጅቡቲን እንደ በዝባዥ ጎረቤት ይስላሉ። ይህ አመለካከት የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው ብለን እናምናለን። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ይሄዳል። ከ2017 ጀምሮ በሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ የሚሳበው ንጹሕ ውሃም ይደርሳታል፤ አትክልቱና ፍራፍሬውም ከእኛ ነው። የባልባላው ነዋሪና የሚሌው ሾፌር የሚከፈላቸውም የሚጎድልባቸውም ከአንድ ሥርዓት ነው። ሌላ በር መፈለግም ቢሆን ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የበርበራን ወደብ በ2016 በተፈረመ ውል የተረከበው ያው ዲፒ ወርልድ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ እንድትይዝ በ2018 የተነገረው 19 በመቶ ድርሻም ግዴታው ሳይሟላ ቀርቶ በ2022 እንደጠፋ ታውቋል። በር መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ በበሩ ላይ የባለቤትነት ድርሻ መያዝና ገንዘቡን በጊዜው ማዋጣት ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ጭነቱ ምን እንደሆነ ነው። ከእኛ በኩል ወደ ዶራሌ የሚወርደው ዛሬም በአመዛኙ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬና የቁም ከብት ነው፤ የሚወጣው ግን ማሽን፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ነው። ሙሉ ሆኖ የሚወጣ ኮንቴይነር ባዶውን በሚመለስበት መሥመር ላይ የመጓጓዣው ዋጋ ሊወርድ አይችልም። ጅቡቲ በ2018 የጀመረችው 4,800 ሄክታር የሚሸፍነው ነጻ የንግድ ቀጣና፣ ኢትዮጵያም በ2022 በድሬዳዋ የከፈተችው የራሷ ነጻ የንግድ ቀጣና መመዘን ያለባቸው በሪባን ቆረጣው ሳይሆን በዚህ ሚዛን ነው። መጋዘን ብቻ ሆነው ከቀሩ የአሮጌው ነጻ ወደብ ቅጂ ይሆናሉ፤ ቆዳውን ጫማ፣ ሰሊጡን ዘይት አድርገው የሚልኩ ከሆነ ግን ባዶው ኮንቴይነር ይሞላል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የዚሁ ጥያቄ አካል ነው። በ2016 በአዲስ አበባ ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ሲጀምር ግንባታው ከቻይና በተገኘ ብድር የተከናወነ በመሆኑ ዕዳው ከጭነቱ ቀድሞ ደረሰ። የኢትዮጵያ ብድር የመክፈያ ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ያስፈለገውም በዚያው በ2018 ነበር። ባቡሩን ስድስት ዓመት ያህል የነዱት፣ የጠገኑትና የመሩት የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በ2024 ግን ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች ተላልፏል። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው የጅቡቲ መሥመር ታሪክ ውስጥ አሮጌው ሐዲድ ከፈረንሳውያን እጅ የወጣው ከስድሳ ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ መሆኑን ስናስታውስ የአሁኑ ርክክብ ፈጣን ነው። መለዋወጫው ግን ዛሬም በመርከብ ተጭኖ በዚያው በዶራሌ ይገባል።